ሰፕሊመንት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ፋርማሲስት ነኝ፣ ኮምቦልቻም ዘመድ ስላለኝ ወጣ ገባ እላለሁ፣ ሁለቱም ጋ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር አንድ አይነት ነው። ይሄ ቫይታሚን ጥሩ ነው ወይ፣ ይሄ ካፕሱል ተመርምሯል ወይ፣ ከመድሃኒቴ ጋር ልውሰደው ወይ። ወረፋ ባለበት ቆሞ ማስረዳት ስለማይቻል እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ፃፍኩት። እርጉዝ የሆናችሁና የዘወትር መድሃኒት የምትወስዱ ግን ይሄን አንብባችሁ ብቻ እንዳትወስኑ፣ ሀኪማችሁን ጠይቁ።

ሰፕሊመንት መድሃኒት ነው ወይስ ምግብ?

በህግ ከምግብ ጎን ነው የሚመደበው። ቫይታሚን፣ እንደ ብረትና ካልሲየም ያሉ ማዕድናት፣ የዓሣ ዘይት፣ የፕሮቲን ዱቄት፣ የእፅዋት ካፕሱል ምናምን ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ችግሩ መልኩ የመድሃኒት ነው፤ ክኒን ነው፣ ብልቃጥ አለው፣ በቀን ሁለቴ ይላል፣ ስለዚህ ሰው እንደ መድሃኒት ተፈትኖ የመጣ ይመስለዋል። መድሃኒት ከመሸጡ በፊት ሰው ላይ ተሞክሮ እንደሚሰራ ማስረጃ ይቀርብበታል፣ ሰፕሊመንት ላይ ግን ብዙ አገር ያ ግዴታ የለም። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር ከዚች ልዩነት የሚመጣ ነው።

ብልቃጡ ላይ የአሜሪካ ነው ይላል። አሜሪካ ሳይመረመር አይሸጥም፣ አይደል እንዴ?

አይደለም፣ ይሄን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ይደነግጣሉ። አሜሪካ በ1994 (በፈረንጅ ነው፣ ከታች ያሉት ዓመተ ምህረቶችም እንደዛው) ባወጣችው ህግ መሰረት ኤፍዲኤ የሚባለው የምግብና መድሃኒት ተቆጣጣሪያቸው ሰፕሊመንትን ከሽያጭ በፊት አያፀድቅም። ደህና መሆኑን የማረጋገጥ ሃላፊነቱ የአምራቹ ነው፣ መንግስት ብዙውን ጊዜ የሚገባው ገበያ ላይ ወጥቶ ችግር ከታየ በኋላ ነው። ኤፌድራ የሚባል ክብደት መቀነሻ እፅ ነበር፣ ከልብ ችግርና ከስትሮክ ጋር እየተያያዘ ሰው ሞቶበታል፣ እሱም የታገደው በ2004 ነው። አዎ ፋብሪካዎቹ እንዴት ማምረት እንዳለባቸው የሚያዝ ደንብ ከ2007 ጀምሮ አለ፣ ግን ደንብ አለ ማለት እያንዳንዱን ብልቃጥ የፈተነ አለ ማለት አይደለም። እንደውም ሰፕሊመንት ላይ "ኤፍዲኤ አፕሩቭድ" የሚል ፅሁፍ ካያችሁ እሱን ነው መጠርጠር ያለባችሁ፣ ምክንያቱም ኤፍዲኤ የማያፀድቀውን ነገር ነው ፀድቋል የሚላችሁ።

"በላብራቶሪ የተመረመረ" ሲሉ ምን አድርገው ነው?

እዚህ ጋ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሻጩ አንዱን ምርመራ ይዞ ሌላውን እንዳደረገ አርጎ ያወራል።

አንደኛው ምርመራ ውስጡ ያለው ነገር የተባለው ነው ወይ የሚለው ነው። ኬሚስቱ ናሙና ወስዶ በማሽን ይለያል፣ 500 ሚሊግራም ካለ 500 መሆኑን ያያል፣ እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪ እንዳይኖርበት ይፈትሻል፣ ባክቴሪያና ሻጋታ ያያል፣ ክኒኑ ሆድ ውስጥ ይሟሟል ወይስ እንደ ጠጠር ተውጦ እንዳለ ይወጣል የሚለውንም ይሞክራል። ይሄን ስራ በገለልተኝነት የሚሰሩ ድርጅቶች አሉ፣ ከ1820 ጀምሮ ያለው ዩኤስፒ እና ኤንኤስኤፍ ዋነኞቹ ናቸው፣ ማህተማቸው ብልቃጡ ላይ ይታተማል። ማህተሙ ጥሩ ነገር ነው፣ ካለ ይመረጣል። ግን የሚለው የተፃፈው ነገር ውስጡ አለ፣ ንፁህ ነው ብቻ ነው፣ ያድናል አይልም። ማህተሙን ራሱ አስመስለው የሚያትሙም ስላሉ የምርቱን ስም ድርጅቶቹ ዌብሳይት ላይ ፈልጎ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው ይሰራል ወይ የሚለው ነው፣ ይሄ ከባዱ ነው። አይጥ ላይ ሰራ፣ ብርጭቆ ውስጥ የካንሰር ሴል ገደለ የሚለው ወሬ መነሻ ነው እንጂ መልስ አይደለም። መልስ የሚሰጠው ሰዎችን በእጣ ሁለት ቦታ ከፍሎ ለግማሹ እውነተኛውን፣ ለግማሹ ተመሳሳይ ባዶ ክኒን ሰጥቶ፣ ሀኪሙም ታማሚውም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ለዓመታት መከታተል ነው። በዚህ መንገድ ሲፈተሽ ስንት የታመነበት ነገር ወድቋል። ቤታ ካሮቲን (ካሮት ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው) ካንሰር ይከላከላል ተብሎ ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ ተሞከረ፣ ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት የሳንባ ካንሰር ጭራሽ 18 በመቶ በልጦባቸው ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ከ18,000 በላይ አጫሾችና አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የግንባታ ማዕድን) የነካቸው ሰራተኞች ላይ የተደረገው ደግሞ ጉዳቱ ስለታየ በ1996 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ፣ እዛም 28 በመቶ ጨምሮ ነበር። ቫይታሚን ኢ ፕሮስቴት ካንሰር ይከላከል እንደሆነ ከ35,000 በላይ ወንዶች ላይ ተሞክሮ በ2011 የወጣው ክትትል ካንሰሩን 17 በመቶ እንደጨመረ ነው ያሳየው። እነዚህ ሁሉ "ቫይታሚን ነው፣ ምን ያመጣል" የተባለላቸው ናቸው።

በሌላ በኩል አምሮ ያለፈም አለ። ለምሳሌ ፎሊክ አሲድን (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱን) እዩ። በ1991 የወጣው የእንግሊዞቹ ጥናት ላይ፣ ከዚህ በፊት የጀርባ አጥንት ወይም የአንጎል አፈጣጠር ችግር ያለበት ልጅ ያረገዙ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ሲወስዱት ችግሩ የመደገም እድሉ 72 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ እኔ ሰፕሊመንት ጠላት ነው እያልኩ አይደለም፣ የትኛው ለማን የሚለው ነው።

ሶስተኛው ምርመራ ካንተ ወይ ካንቺ ጤናና መድሃኒት ጋር ይሄዳል ወይ የሚለው ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ፋብሪካ አይሰራልህም። እዚሁ ከሀኪምና ከፋርማሲስት ጋር ነው የሚሰራው።

ጅዳ ያለችው እህቴ ቫይታሚን ዲ ላከችልኝ፣ በየቀኑ አንድ አንድ እየዋጥኩ ነው። ችግር አለው?

ወሎ ውስጥ አረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ ሻንጣ በመጣ ቁጥር ውስጡ ብልቃጥ አለ፣ እህት ተለፍቶበት በተገኘ ገንዘብ የላከችውን ጣሉት አልልም። ግን በመጀመሪያ ቁጥሩን እይው። እዛ የሚሸጠው ቫይታሚን ዲ አንዳንዱ 50,000 ዩኒት ነው፣ እሱ በሳምንት አንዴ፣ ለዛውም ለተወሰነ ጊዜ ሀኪም ለሚያዝለት ሰው ነው እንጂ የየቀን አይደለም። የየቀኑ ለአዋቂ ከ600 እስከ 800 ዩኒት ነው፣ ያለ ሀኪም ትእዛዝ በየቀኑ ከ4,000 ማለፍ አይመከርም። ቫይታሚን ዲ እንደ ቫይታሚን ሲ ትርፉ በሽንት አይወጣም፣ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል፦ ማቅለሽለሽ፣ ድርቀት፣ የውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ከዛ የኩላሊት ጠጠርና ጉዳት። 50,000 የሚለውን በየቀኑ ስትውጪ ከነበረ ዛሬውኑ አቁሚና ካልሲየምሽን ተለኪ፣ አብሽሪ፣ በጊዜ ከተደረሰበት ይስተካከላል።

ሌላ፣ አረብኛውን ወይ እንግሊዝኛውን ማንበብ ካቃታችሁ ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ ፋርማሲ ኑ። ክኒኑን ብቻ በፌስታል ይዞ መምጣት አይሆንም፣ ስሙ፣ መጠኑ፣ የባች ቁጥሩ (አብሮ በአንድ ዙር የተመረተው ሁሉ የሚለይበት ቁጥር) እና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ያለው ብልቃጡ ላይ ነው።

"ለወንድ" ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው ማርስ? ማር እኮ ነው።

ማር ብቻ ቢሆን እንዲያ ባልሰራ። ኤፍዲኤ በ2022 እንዲህ አይነት ማር የሚሸጡ ድርጅቶችን አስጠንቅቋል፣ ሲመረመር ውስጡ ታዳላፊልና ሲልዴናፊል ነው የተገኘበት፣ ማለትም የቪያግራና መሰሎቹ መድሃኒት፣ ብልቃጡ ወይ ፓኬቱ ላይ ግን አልተፃፈም። የልብ ህመም ኖሮበት ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድ የሚወስድ ሰው ይሄን ማር ቢልስ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል፣ ሚስጥሩን ደግሞ ለሀኪሙም ለሚስቱም አልነገረም። አንድ የሚታወቅ ጥናት ኤፍዲኤ ከ2007 እስከ 2016 ያልተገለፀ መድሃኒት ያገኘባቸውን 776 ሰፕሊመንቶች አይቶ ነበር፣ ግማሽ የሚጠጋው የወንድ ጉልበት ነው፣ ወደ 41 በመቶው ክብደት መቀነሻ፣ 12 በመቶው የጡንቻ። ክብደት መቀነሻው ላይ በብዛት የተገኘው ሲቡትራሚን ነው፣ ግፊትና ስትሮክ ስለሚያመጣ በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ መድሃኒት። እነዚህ ሶስት አይነቶች ላይ እኔ ምንም አልደራደርም፣ በአንድ ቀን ለውጥ ካሳየህ ውስጡ መድሃኒት አለ ብለህ ጀምር። ችግሩ ካለ በግልፅ ወደ ሀኪም መሄድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ስኳር ወይ ግፊት ይገኛል።

ሰርጌ ደርሷል፣ ለመወፈር የሚሆን ቫይታሚን ስጠኝ።

እህቴ፣ ጓደኞችሽ "ቫይታሚን" ብለው የሚሰጡሽ ብዙውን ጊዜ ቫይታሚን አይደለም። ሳይፕሮሄፕታዲን ከሆነ የአለርጂ መድሃኒት ነው፣ ምግብ ያስወድዳል ግን ቀን ሙሉ ያስተኛል። ዴክሳሜታሶን የሚባለው ስቴሮይድ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ፊት የሚሞላው ውሃና ስብ ስለሚያጠራቅም እንጂ ጤና ስለሆንሽ አይደለም፣ ስኳርና ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ረዘም ላለ ጊዜ የወሰደች ሰው በአንዴ ካቆመች ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን መስራት ረስቶ ስለሚቆይ ራሷን ስታ ልትወድቅ ትችላለች፣ ስለዚህ የወሰዳችሁ ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትጣሉት፣ ቦሩ ሜዳም ይሁን ደሴ ሆስፒታል ሄዳችሁ በሀኪም ቀስ እያላችሁ ውጡ። እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ልጆቹ በጣም ወጣት ናቸው።

ለፀጉርና ለጥፍር ባዮቲን እየወሰድኩ ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም አሉኝ።

በራሱ ብዙ አይጎዳም፣ ግን የላብራቶሪ ውጤት ያዛባል። ለቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ነው፣ የፀጉሩ ክኒን 5,000 ወይም 10,000 ነው። ኤፍዲኤ በ2017 እንዳስጠነቀቀው የታይሮይድንና ትሮፖኒን የሚባለውን የልብ ህመም ምርመራ የተሳሳተ ውጤት ሊያሳይ ይችላል፣ ትሮፖኒኑ በስህተት ዝቅ ብሎ ታይቶ የሞተ ሰው እንዳለም ሪፖርት ደርሷቸዋል። ደም ከመስጠትሽ በፊት ባዮቲን እወስዳለሁ በይ። ፀጉር የሚነቅለው የብረት ማነስ ወይ ታይሮይድም ሊሆን ይችላል።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሰራው፣ ማታ ድካም አልችልም። ቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ልወጋ?

ኮምቦልቻ ላይ ከፓርኩ ሰራተኞች ብዙ የምሰማው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ሄሞግሎቢን ተለኪ። የደም ማነስ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ እርግዝና፣ እንቅልፍ ማጣት ሁሉም ድካም ነው የሚሉት፣ ቢ ኮምፕሌክስ ደግሞ እጥረቱ ከሌለ ጉልበት አይጨምርም፣ ሽንት ቢጫ ቢያደርግ ነው። ቢ6ን በብዛት ለረጅም ጊዜ መውሰድ እንደውም ነርቭ ይጎዳል፣ እጅና እግር ያደነዝዛል። የብረት እጥረት ከተገኘብሽና ክኒን ከታዘዘልሽ ከቡና ጋር አትውሰጂው፣ ቡናና ሻይ ብረቱ እንዳይገባ ያግዱታል፣ አቦል ቶናው እስኪያልቅ ቢያንስ ሰዓት ሁለት ሰዓት አራርቂ። ከብርቱካን ወይ ከሎሚ ጋር ሲሆን ደሞ በደንብ ይገባል።

እርጉዝ ነኝ። ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ቀይ ክኒን ይሻላል ወይስ ከውጭ የመጣው ውዱ?

ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጠው ብረትና ፎሊክ አሲድ ለእርጉዝ ሴት በጥናት ከተደገፉት ዋነኛው ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትናቂው። ሰገራ ያጠቁራል፣ ትንሽ ያደርቃል፣ እሱ የታወቀ ነው። ፎሊኩ ላይ ግን አንድ ነገር፦ የህፃኑ የጀርባና የአንጎል ቱቦ የሚዘጋው ፅንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ ብዙ ሴት እርጉዝ መሆኗን እንኳን ሳታውቅ። አገራችን ላይ ይሄ የአፈጣጠር ችግር ከፍ ያለ ስለሆነ ለማርገዝ ያሰበች ሁሉ አስቀድማ 400 ማይክሮግራም በየቀኑ ብትጀምር ነው የሚሻለው፣ ከዚህ በፊት ችግሩ ያጋጠማት ደግሞ መጠኑ ከፍ ስለሚል ሀኪም ታማክር። ከውጭ የመጣውን መልቲቫይታሚን የምትወስዱ ቫይታሚን ኤው ሬቲኖል ከሆነ ከ10,000 ዩኒት እንዳያልፍ እዩ፣ ፅንስ ይጎዳል።

የዘወትር መድሃኒት አለኝ። የትኛው ከየትኛው ይጋጫል?

ሁሉንም አልዘረዝርም፣ እዚህ ብዙ የማያቸውን ልበል። የኤችአይቪ መድሃኒት ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር ከብረትና ከካልሲየም ጋር ባዶ ሆድ ከተወሰደ ብዙው ሳይገባ ይቀራል፤ ወይ ሁሉንም ከምግብ ጋር አብሮ፣ ወይ ደግሞ መድሃኒቱን ሰፕሊመንቱ 2 ሰዓት ሲቀረው አልያም 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም ከብረትና ካልሲየም ጋር እንደዛው ይራራቃል። የታይሮይድ ክኒን ከብረትና ከካልሲየም በ4 ሰዓት ይራቅ። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድሃኒት) የምትወስዱ ቫይታሚን ኬ ያለበትን ነገር ሳትናገሩ አትጀምሩ። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው የድብርት እፅ የኤችአይቪውንም የእርግዝና መከላከያውንም ስራ ያዳክማል። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት የወሰዳችሁ የስኳር ታማሚዎች ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ቢ12 ሊያንሳችሁ ስለሚችል አስመርምሩ።

ልጄ፣ ጥቁር አዝሙድና እርድ ተፈጥሮ ነው፣ እሱንም ልትከለክለኝ ነው?

ኧረ እማማ፣ ወጡ ውስጥ ያለውን ማን ይከለክልዎታል! አብሽም፣ ጥቁር አዝሙድም፣ እርድም በምግብ መጠን የኖርንበት ነው። እኔ የምለው ጨምቀው፣ አጠንክረው ካፕሱል ውስጥ ያስገቡትን ነው፣ እሱ ከወጡ ጋር አንድ አይደለም። የእርድ ካፕሱልና የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል፣ አሜሪካ ውስጥ የመድሃኒት ጉበት ጉዳት የሚከታተሉ ሆስፒታሎች ላይ ሰፕሊመንት ያመጣው ድርሻ ከ2004 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ከ7 ወደ 20 በመቶ ነው ያደገው። ኮሶንም እርስዎ ያውቁታል፣ ሲበዛ የዓይን ነርቭ እንደሚጎዳ ሀኪሞች ፅፈውታል። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ የሚወስዱትን አቁመው ያኔውኑ ሀኪም ጋ ይሂዱ። የግፊት መድሃኒትዎን ግን በካፕሱል ተክተው እንዳያቆሙ፣ አደራ።

ጂም ጀምሬያለሁ፣ ፕሮቲንና ክሬቲን ልግዛ?

ክሬቲን በደንብ ከተጠኑት አንዱ ነው፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ለጤነኛ አዋቂ ይበቃል፣ ኩላሊት ችግር ካለብህ አይሆንም። ፕሮቲኑን እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የሐይቅ ዓሣ ይሰጡሃል። ሯጭ ከሆንክ ግን ሌላ ጨዋታ ነው፦ በዶፒንግ ህግ ሰውነትህ ውስጥ የተገኘው ሁሉ ያንተ ሃላፊነት ነው፣ "ብልቃጡ ላይ አልተፃፈም" ማለት አያድንም። ባቹ የተመረመረ፣ ኢንፎርምድ ስፖርት ወይም የኤንኤስኤፍ የስፖርት ማህተም ያለውን ካላገኘህ ተወው።

ካፕሱሉ ሀላል ነው? ፆም ላይስ?

የካፕሱሉ ሽፋን ብዙ ጊዜ ጂላቲን ነው፣ እሱ ደግሞ በአብዛኛው ከከብት ወይ ከአሳማ ነው የሚሰራው፣ ብልቃጡ ካልገለፀ ማወቅ አይቻልም። ሀላል የሚል ወይም ከእፅዋት የተሰራ ሽፋን፣ ኤችፒኤምሲ የሚለውን ፈልጉ፣ ለፆሙም የሚሆነው እሱ ነው። ረመዳን ላይ ከምግብ ጋር የሚወሰደውን ለኢፍጣር ወይ ለሱሁር አድርጉት። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋፅኦ የማትነኩ ካላችሁ ቢ12 ያስፈልጋችኋል፣ እሱ ከአትክልት አይገኝም።

ለልጄ ምን ልስጥ?

ብዙ ልጅ ምንም አያስፈልገውም። ተቅማጥ ሲይዘው ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ ለ10 እስከ 14 ቀን፣ ከ6 ወር በታች 10፣ ከዛ በላይ 20 ሚሊግራም፣ ይሄ ተፈትኖ የሰራ ነው። ቫይታሚን ኤም ከ6 ወር ጀምሮ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ ይሰጣል፣ እንዳያመልጣችሁ። ደሴ ብርድ ነው ብላችሁ ህፃኑን ሸፋፍናችሁ ቤት አትዝጉበት፣ የጠዋት ፀሐይ ለአጥንቱ ያስፈልገዋል። የእናቱን የብረት ክኒን ግን ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ፣ ከረሜላ መስሎት ጥቂቱን ቢውጥ እንኳን ሊገድለው ይችላል፣ ከዋጠ እስኪያመው ሳትጠብቁ ሆስፒታል ሩጡ።

እዚህ አገር ማን ነው የሚቆጣጠረው? ጉዳት ቢደርስብኝስ?

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነው፣ በአዋጅ 1112/2011 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው)። በሻንጣና በኮንትሮባንድ የመጣ፣ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ፣ ሰኞ ገበያ መሬት ላይ የተዘረጋ ነገር በዚህ በር አላለፈም፣ ስለዚህ ፈቃድ ካለው ቤት ግዙ፣ ደረሰኝ ያዙ። የጎንዮሽ ጉዳት ካያችሁ ብልቃጡን ሳትጥሉ ለሀኪማችሁ ወይ ለፋርማሲስታችሁ ንገሩ፣ ሪፖርት የማድረጊያ ፎርም አለን፣ ባለስልጣኑም ጋ በ8482 ነፃ መስመር መደወል ይቻላል። "ትንሽ ነገር ነው" ብላችሁ አትተዉት፣ ባቹ ከገበያ የሚሰበሰበው ሰው ሲናገር ነው።

የት ላስቀምጠው?

ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ክዳኑ ተዘግቶ። ኮምቦልቻ ላይ ቆርቆሮ ጣራ ስር ወይ መኪና ውስጥ የዋለ የዓሣ ዘይት ይበላሻል፣ ከፍተህ ስታሸተው የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ አትዋጠው። ቀኑ ያለፈበትንም ለጎረቤት አትስጡ፣ ፋርማሲ መልሱት።